የጋሼ ስምንት ነጥብ

ለገሃሬ የሚኖሩት ጎረቤቴ ጋሼ የድሬዳዋ ፀሐይ ሳትበረታ በርጩማቸውን ደጃፋቸው ላይ አስወጥተው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። በ2017 ዓ.ም. ሰኔ ወር አንድ ማለዳ በዚያ ሳልፍ ጠሩኝ። እንግሊዝ ለአካል ጉዳተኞች የምትከፍለውን ገንዘብ ልትቀንስ መሆኑንና ሰዉም ክፉኛ መቆጣቱን ሰምተዋል። «አንቺ ልጅ፣ እኔ እዚያ ብሆን ኖሮ ስንት ይደርሰኝ ነበር? ስንትስ ይቀነስብኝ ነበር?» አሉኝ። አጣርቼ እንደምነግራቸው ቃል ገባሁ። ማጣራቱ ካሰብኩት በላይ ጊዜ ወሰደብኝ። የእንግሊዙ ክፍያ የሚወሰነው በነጥብ ነውና ነጥቡን ለማወቅ የጋሼን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ መቁጠር ነበረብኝ።

ጋሼ በጉልምስናቸው ጫኝና አውራጅ ነበሩ። በ1997 ዓ.ም.፣ የደቻቱ ጎርፍ ከተማውን ከመምታቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከጭነት መኪና ላይ ጆንያ ሲያወርዱ ወደቁና ወገባቸው ተጎዳ። ከወገባቸው በላይ ዛሬም ብርቱ ናቸው፤ እግሮቻቸው ግን አይታዘዟቸውም። የሚታጠቡት በሳፋ ነው። ፊታቸውን፣ ደረታቸውንና ክንዳቸውን ራሳቸው ይታጠባሉ፤ ጎንበስ ማለት ስለማይችሉ እግራቸውን የሚያጥብላቸው የእህታቸው ልጅ ነው። ሸሚዛቸውን ራሳቸው ይለብሳሉ፤ ሱሪያቸውን ግን ልጁ ከቁርጭምጭሚታቸው ጀምሮ እየሳበ ያለብሳቸዋል። ከከሰል ምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሻይ ያፈላሉ፣ ሽሮ ይሠራሉ፤ ቆመው አይችሉም። ለመጸዳጃ መሐሉ የተቆረጠ የፕላስቲክ ወንበር አላቸው። የቆረጠላቸው የሰፈሩ አናጺ ነው፤ ጠርዙ ቆዳቸውን እንዳይልጠው በአሮጌ የብስክሌት ጎማ ለብጦታል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው በእንግሊዝ የሚቆጠረው በትክክል ይኸው ስለሆነ ነው።

እዚያ ለሥራ ዕድሜ የደረሰ አካል ጉዳተኛ የሚያገኘው ዋናው ክፍያ በምኅጻሩ «ፒፕ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፒፕ ደመወዝን የሚተካ ጡረታ አይደለም። ሥራ ያለውም የሌለውም ያገኘዋል። የተሰጠበት ምክንያት አካል ጉዳት ራሱ ወጪ ስለሚያስከትል ነው። ጤነኛ ሰው ከለገሃሬ ተነስቶ በዛፎቹ ጥላ ሥር እየተራመደ ከዚራ ይደርሳል። ጋሼ ግን ሌላ ሰው አብሯቸው ሊሳፈር ስለማይችል ባጃጁን ለብቻቸው በኮንትራት ይከራያሉ፤ ተሽከርካሪ ወንበራቸው ነው የሌላውን ተሳፋሪ ቦታ የሚይዘው። ወንበሩ በደቻቱ አሸዋ ላይ ስለማይገፋ መጋላ ያለ ዘመድ ለመጠየቅም ዞረው በድልድይ መሻገር አለባቸው። ሁለት ሰዎች እኩል ገቢ ቢኖራቸው እንኳ ኑሯቸው እኩል አይሆንም። ፒፕ ይህን ልዩነት ለመሸፈን የታሰበ ነው።

ክፍያው ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ለዕለት ተዕለት ኑሮ፣ ሌላው ለመንቀሳቀስ። የዕለት ተዕለቱ ክፍል 10 ተግባራትን ይመለከታል። ምግብ ማዘጋጀት፣ መብላት፣ መታጠብ፣ መጸዳዳት፣ መልበስ፣ መናገር፣ ማንበብ፣ ከሰው ጋር መገናኘትና የመሳሰሉት ናቸው። ለእያንዳንዱ ተግባር እንደ ችግሩ ክብደት ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ 8 ከደረሰ መደበኛው፣ 12 ከደረሰ ከፍተኛው ክፍያ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2025 በኋላ በነበረው ተመን መደበኛው በሳምንት 73.90 ፓውንድ፣ ከፍተኛው 110.40 ፓውንድ ነበር።

ከጋሼ ጋር ቁጭ ብለን ቆጠርን። ምግብ ለማዘጋጀት በርጩማ ያስፈልጋቸዋል፤ በመሣሪያ ታግዞ የሚሠራ ሰው 2 ነጥብ ያገኛል። ከወገብ በታች የሚያጥባቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል፤ 2 ነጥብ። ከወገብ በታች የሚያለብሳቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል፤ 2 ነጥብ። ለመጸዳዳት ያ የተቆረጠ ወንበር አለ፤ እሱም መሣሪያ ነውና 2 ነጥብ። ድምሩ ልክ ስምንት። «አለፍኩ ማለት ነው?» አሉ። አዎ፣ በነበረው አቆጣጠር አልፈዋል።

መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. የሌበር ፓርቲ መንግሥት በሥራና ጡረታ ሚኒስትሯ በሊዝ ኬንዳል በኩል የለውጥ ሐሳብ አቀረበ። ክፍያውን በስሙ አልነካውም፤ ሳምንታዊው ገንዘብ እንዳለ ይቆያል። የተጨመረው በዕለት ተዕለቱ ክፍል ላይ አንድ መስፈርት ብቻ ነው። ድምሩ 8 መድረሱ አይበቃም፤ ቢያንስ በአንዱ ተግባር ላይ 4 ነጥብ መገኘት አለበት የሚል። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2026 ጀምሮ ሊሠራበት ታቅዶ ነበር።

የጋሼ ስምንት ነጥብ አራት ጊዜ ሁለት ነው፤ አንድም አራት የለበትም። ስለዚህ ሐሳቡ ቢጸና በዕለት ተዕለቱ ክፍል ከ73.90 ፓውንድ ወደ ዜሮ ይወርዳሉ። ነገሩ ትንሽ መሸራረፍ የሚመስለው ሰው ካለ እዚህ ላይ ቆም ይበል። አምስት ወይም አሥር ፓውንድ የሚቀነስበት ሰው በዚህ ሐሳብ ውስጥ የለም። የዕለት ተዕለቱን ክፍያ ወይ ሙሉውን ታገኛለህ፣ ወይ ሙሉውን ታጣለህ።

አራት ነጥብ የሚሰጠውስ ለማን ነው? ዝርዝሩን ሳነብ እጅግ ያሳዘነኝ ይህ ነው። ከወገቡ በታች የሚያጥበው ሰው የሚፈልግ 2 ነጥብ ሲያገኝ፣ በትከሻውና በወገቡ መካከል ያለውን የሚያጥበው የሚፈልግ ግን 4 ነጥብ ያገኛል። መልበስም እንደዚያው ነው፤ ለታችኛው አካል 2፣ ለላይኛው 4። አዲሱ መስፈርት ሲጨመርበት መስመሩ ወገብ ላይ ተሰመረ ማለት ነው። ከመስመሩ በላይ እርዳታ የሚሻ ሰው ያልፋል፤ ከመስመሩ በታች የሚሻ፣ ለአራት የተለያዩ ነገሮች ሰውና መሣሪያ ቢያስፈልገውም፣ ይወድቃል። ለጋሼ ይህን ስነግራቸው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አሳረፉና «እኔ የተጎዳሁት እኮ እዚያው ነው» አሉኝ።

መንግሥት ምክንያት አልነበረውም አልልም። ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ አዲስ ፒፕ የሚፈቀድላቸው ሰዎች በየወሩ ከእጥፍ በላይ ጨምረዋል። ለሥራ ዕድሜ በደረሱ ሰዎች ሕመምና አካል ጉዳት የሚወጣው ገንዘብም በአሥርተ ዓመቱ መጨረሻ በዓመት ወደ 70 ቢሊዮን ፓውንድ እንደሚደርስ መንግሥት ይናገር ነበር። በለውጡ በዓመት 5 ቢሊዮን ገደማ ለማዳን አሰበ። ሰዎችን ወደ ሥራ መመለስ እንፈልጋለንም አለ። የመጀመሪያው ክርክር የበጀት ክርክር ነው፤ ማንም አገር የሚገጥመው ስለሆነ በቁም ነገር መታየት ይገባዋል። ሁለተኛው ግን አይያያዝም። ፒፕ ከሥራ ጋር ያልተሳሰረ ክፍያ ነው። የሚያለብሰው ሰው ቀጥሮ ሥራ የሚውል አካል ጉዳተኛ ፒፑን ሲነጠቅ የሚያጣው ያችኑ ወደ ሥራ የምታደርሰውን እግሩን ነው።

ሕዝቡን ያስቆጣው የራሱ የመንግሥት ስሌት ጭምር ነበር። በዚያው መጋቢት በወጣው ግምት፣ በእጃቸው ያለውን ፒፕ የሚያጡ 370 ሺህ፣ ወደፊት ሊያገኙ ሲገባ የሚቀርባቸው 430 ሺህ ሰዎች ነበሩ፤ አማካይ ኪሳራቸውም በዓመት 4,500 ፓውንድ። በአጠቃላይ ለውጡ 250 ሺህ ሰዎችን ወደ ድህነት እንደሚጨምርና ከእነርሱ ውስጥ 50 ሺህ ያህሉ ሕፃናት እንደሚሆኑ ተጻፈ። ሌላም ጉዳት ተከትሎ ይመጣል። በእንግሊዝ በሳምንት 35 ሰዓትና ከዚያ በላይ አካል ጉዳተኛ የሚንከባከብ ሰው የራሱ አበል አለው፤ አበሉ የሚሰጠው ግን ተንከባካቢው የሚረዳው ሰው የፒፕን የዕለት ተዕለት ክፍል ወይም መሰል ክፍያ የሚያገኝ ከሆነ ነው። እንደኛ ብናየው፣ ጋሼ ከመዝገብ ሲሰረዙ የእህታቸው ልጅም አብሮ ይሰረዛል።

ቁጣው እንዴት ውጤት አመጣ? ሰልፍ ነበረ፣ ፓርላማው ደጃፍ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር የመጡ ሰዎች ነበሩ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ነው። የነጥቡ ዝርዝር ለሁሉም ክፍት ነው። እያንዳንዱ ሰው እኔና ጋሼ እንዳደረግነው ቁጭ ብሎ የራሱን ሳፋና ወንበር ቆጥሮ፣ «እኔ እወድቃለሁ፣ ምክንያቱም ይህ ነው» ብሎ ለምክር ቤት ተወካዩ መናገር ቻለ። ደንቡን ጠቅሶ የመጣ ሰው እንደ ተራ ቅሬታ አቅራቢ አይሸኝም። ከ650 መቀመጫ ከ400 በላይ በያዘው በራሱ በገዢው ፓርቲ ውስጥ ከ120 በላይ አባላት ረቂቁን የሚያስቆም ማሻሻያ ላይ ፈረሙ።

ሰኔ 20 መንግሥት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። አሁን ፒፕ ያላቸው ሰዎች አይነኩም፣ አዲሱ መስፈርት ወደፊት ለሚያመለክቱ ብቻ ይሆናል ተባለ። ይህም አላበረደውም። ያው አንድ ዓይነት ጉዳት ያላቸው ሁለት ሰዎች በማመልከቻ ቀናቸው ብቻ ሊለያዩ ነዋ። ሰኔ 24፣ ድምፅ ሊሰጥ ከሁለት ሰዓት ያነሰ ጊዜ ሲቀረው፣ የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ ሚኒስትሩ ስቲቨን ቲምስ በክርክሩ መሐል ተነስተው የአራት ነጥቡ አንቀጽ ከረቂቁ እንደሚወጣና መጀመሪያ በእርሳቸው የሚመራ ግምገማ እንደሚደረግ አስታወቁ። ረቂቁም በዚያው ቀን በ335 ለ260 ድምፅ ወደ ቀጣዩ ደረጃ አለፈ።

በነገራችን ላይ መጋቢት 9 ለዚህ ጉዳይ ቀድሞም የታወቀች ቀን ናት። በ2008 ዓ.ም. በዚያችው ዕለት የያኔው የሥራና ጡረታ ሚኒስትር ኢያን ዳንከን ስሚዝ በፒፕ ቅነሳ ምክንያት ከሥልጣን ለቅቀው ነበር። የዚያን ጊዜው ሐሳብ ለመልበስና ለመጸዳዳት በመሣሪያ ለሚታገዙ ሰዎች የሚሰጠውን ነጥብ ከ2 ወደ 1 ማውረድ ነበር። የጋሼ የተቆረጠች ወንበር ማለት ናት። ያም ሐሳብ በቀናት ውስጥ ተነሳ።

ይሁን እንጂ በ2017ቱ ሁሉም አልተመለሰም፤ ዜናውን የተከታተለ ሰው ይህን ክፍል ብዙም አልሰማውም። ነሐሴ 28 ጸድቆ ሕግ የሆነው አዋጅ ሌላ ቅነሳ ይዟል። ከፒፕ የተለየ፣ በጤና ምክንያት መሥራት የማይችል ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው «ዩኒቨርሳል ክሬዲት» በሚባለው የዝቅተኛ ገቢ ድጋፍ ላይ የሚጨመርለት ክፍያ አለ፤ በሳምንት 97 ፓውንድ ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2026 ጀምሮ ለአዲስ አመልካቾች ወደ 50 ፓውንድ ወርዷል። እጅግ የከበደ የዕድሜ ልክ ሕመም ያለባቸውና ለሞት የቀረቡ ብቻ ተለይተው ወጥተዋል። ይህኛው ለምን አለፈ? የሚጎዳው ገና ያልታመመውን ሰው ስለሆነ ይመስለኛል። ነገ ከመኪና ላይ የሚወድቀው ሰው ዛሬ ጆንያ ተሸክሞ እየሮጠ ነው፤ ሰልፍ ሊወጣ የሚችልበት ምክንያት ገና አላገኘውም።

ለጋሼ እስከዚህ ስደርስ አንድ ብርጭቆ ሻይ ቀዱልኝና «እሺ፣ የእኛስ?» አሉ።

የእኛውን ለመረዳት ሦስት በሮችን ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው ጡረታ ነው። የመንግሥት ሠራተኞችና የግል ድርጅት ሠራተኞች በየራሳቸው አዋጅ ይሸፈናሉ፤ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ይከፍላሉ። በሥራ ላይ በደረሰ አደጋ መሥራት ያቃተው ሰው የደመወዙን 47 በመቶ የጉዳት ጡረታ ያገኛል፤ ለዚህ ረጅም የአገልግሎት ዘመን አይጠየቅም። ጥሩ ሕግ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ የወጣው ግን በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ጋሼ ከወደቁ ስድስት ዓመት በኋላ። የሥራ ጉዳት ካሣስ? የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ ይሁን አይልም። ነገር ግን በቃል የተቀጠረ የቀን ሠራተኛ መቀጠሩን ማስረዳት አለበት። ጋሼን ያሠራቸው ሰው በነጋታው «አላውቃቸውም» አለ። ምስክር የሚሆኑት ጓደኞቻቸው ደግሞ እንጀራቸው በዚያው ሰው እጅ ነበር። በአሸዋ ገበያ ጉልት ላይ የተቀመጠች እናት፣ ባጃጅ በቀን ገቢ የሚያሽከረክር ወጣት፣ ሁሉም ዛሬም ከዚህ በር ውጭ ናቸው።

ሁለተኛው በር ሴፍቲኔት ነው። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር ከተመረጡት 11 ከተሞች ውስጥ ድሬዳዋም ሐረርም ነበሩ። ገንዘቡ 300 ሚሊዮን ዶላር ከዓለም ባንክ ብድር፣ 150 ሚሊዮን ከመንግሥት ነበር። መሥራት የሚችለው በአካባቢ ልማት ሥራ ይሰማራል፤ ማለዳ ከዚራ መንገድ ሲጠርጉና ዛፍ ሲያጠጡ የምናያቸው ናቸው። መሥራት የማይችሉት አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ጽኑ ሕሙማን ደግሞ «ቀጥታ ድጋፍ» ይባላሉ። በዚህ በር የሚገባው መጀመሪያ ድሃ መሆን አለበት። የእንግሊዙ ፒፕ ድሃ ነህ ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ የእኛው ደግሞ አካል ጉዳት ስላለብህ ብቻ አይሰጥም። ሁለቱን ያለ ልዩነት «ድጎማ» እያልን መጥራታችን ብዙ ነገር ይሸፍንብናል።

ሦስተኛው በር ዘመድ ነው። የእህት ልጅ፣ ዕድር፣ ጎረቤት፣ ከአረብ አገር የምትልክ እህት። የድሬዳዋ ሰው በዚህ አይታማም። የጋሼ የእህት ልጅ በቀን ሦስት ጊዜ ይመጣል፤ ይህን ሥራ የሚቆጥርለት መዝገብ ግን የለም።

«የእንግሊዝን ከእኛ ጋር ምን አገናኘው፣ እነሱ ሀብታም ናቸው» የሚል ሰው ብዙ ነው። በአቅም አንገናኝም። በቃል ኪዳን ግን እንገናኛለን። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ኢትዮጵያ በ2010 አጽድቀዋል። የስምምነቱ አንቀጽ 28 ስለ ማኅበራዊ ጥበቃ ይናገራል፤ ከጉዳቱ ጋር የሚመጣውን ተጨማሪ ወጪም በስሙ ጠርቶ ያነሳል። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41ም መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለዋ ሐረግ ተገቢ ናት፤ አቅሙ ስንት እንደፈቀደ በየዓመቱ በግልጽ ሲነገር ደግሞ ይበልጥ ተገቢ ትሆን ነበር።

ጋሼ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ የሚያገኙበት አንድ የእርዳታ መዝገብ አለ። የማን እንደሆነ አልጽፍም፤ ችግሩ የአንድ መሥሪያ ቤት አይደለምና። «ተቀንሶብዎት ያውቃል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ኧረ በፍጹም፣ አንድም ቀን» አሉኝ። ቀጥለው ግን እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ። በፊት ያ ገንዘብ ከሰል፣ ሽሮና ዘይት ይገዛ ነበር። በኋላ ከሰልና ሽሮ ገዝቶ ዘይቱ ላይ ያልቅ ጀመር። አሁን ከሰሉን ለማብቃቃት ሻዩንና ሽሮውን በአንድ ፍም ያደርሳሉ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በ2014 ዓ.ም. በአገራችን የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ዋጋ በ30 በመቶ ሲጨምር፣ ባለበት የቆመ 100 ብር በዓመቱ የድሮውን የ77 ብር ያህል ብቻ ይገዛል። በሁለተኛው ዓመት እንደዚያው ከቀጠለ የ59። በብር ተቆርጦ የተቀመጠ ማንኛውም ድጋፍ፣ ማንም ሳይነካው፣ ደብዳቤ ሳይጻፍበት፣ በሁለት ዓመት ወደ ግማሽ ይጠጋል። እንግሊዝ ውስጥ ፒፕ በየዓመቱ ከዋጋ ጋር እንዲስተካከል ሕግ ያስገድዳል። በዝምታ እንዲመነምን መተው ስለማይቻል መቀነስ የፈለገ መንግሥት አደባባይ ወጥቶ «ልቀንስ ነው» ማለት አለበት። ያ ቅነሳ ቀን ነበረው፣ ያቀረበው ሚኒስትር ስም ነበረው፣ የሚቃወም ሰው የሚጠቅሰው አንቀጽ ነበረው። የጋሼ ዘይት ግን የጠፋበት ቀን የለም። በየትኛው መጋቢት ላይ ይቆጡ?

ለዚህ ነው የነጥቡን ነገር ይህን ያህል የተከታተልኩት። የእንግሊዙ አቆጣጠር ግፍ አለበት፤ ወገብ ላይ መስመር ማስመር ግፍ ነው። ነገር ግን ጋሼ በሃያ ዓመት ውስጥ ምን ምን እንደሚያስፈልጋቸው አንድ በአንድ ሲቆጠርላቸው ያ ማለዳ የመጀመሪያው ነበር።

ልሰናበታቸው ስነሳ የቆጠርኩበትን ወረቀት ጠየቁኝ። በእርሳስ የተጫጫረ ነበርና በደንብ ልገልብጠው ብል እምቢ አሉ። አራቱን መስመር ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው አደረጉና ወረቀቱን በአራት አጥፈው፣ መታወቂያቸውን ከሚያኖሩባት ፌስታል ውስጥ ከቱት።

«ለማን ሊያሳዩት ነው?» አልኳቸው።

«የሚጠይቅ ሲመጣ» አሉኝ።